ጦስኝ ከተራራ ወደ ጓሮ

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

በክረምት ጧት ከሥራ ባልደረቦችዎ አንዱ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ወደ ቢሮ ሲገባ፣ ሌላው ከመሳቢያው ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ «ይህችን ቆንጠር አድርገህ በፈላ ውኃ ጠጣት» ሲለው ሳይሰሙ አይቀሩም። ወረቀቱ ሲፈታ ክፍሉን የሚሞላው መዓዛ የጦስኝ መዓዛ ነው። ይህን መዓዛ የማያውቅ የደጋ ልጅ የለም። ነገር ግን «ይህ ቅጠል ከወዴት መጣ? ማን ለቀመው? ሲለቅመውስ ለከርሞ ምን አስቀረ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይገኝም።

ስለ ሌሎቹ የቤት መድኃኒቶቻችን ይህ ጥያቄ አያስቸግርም። ጤና አዳም ከደጃፍ፣ ዳማ ከሴ ከአጥር ሥር፣ በሶብላ ከጓሮ መደብ ይቀነጠሳሉ። እናቶቻችን በየቤታቸው ካለመዱአቸው ብዙ ዘመን ሆኖአል። ጦስኝ ግን ለአብዛኞቻችን እስከ ዛሬ ድረስ የተራራ እንግዳ ነው። እንጠጣዋለን እንጂ አንተክለውም፤ እንገዛዋለን እንጂ አናሳድገውም። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን ጦስኝ ምን እንደ ሆነ፣ ስለ ምን በቤታችን ልንተክለው እንደሚገባ፣ እንዴት እንደሚተከልና በመጨረሻም መድኃኒትነቱ እስከ ወዴት እንደሚደርስ በተራ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ጦስኝ ምን ዐይነት ተክል ነው?

ጦስኝ በቁመቱ ትንሽ ነው። ከስንዝር ብዙም አይበልጥም፤ በቁመት ያጣውን ግን በስፋት ይክሰዋል። ቅርንጫፎቹ በምድር ላይ እየተሳቡ፣ አንጓቸው አፈር በነካበት ሥፍራ ሁሉ አዲስ ሥር እየሰደዱ፣ ድንጋዩንና ጭንጫውን እንደ ምንጣፍ ያለብሱታል። ይህን ጠባዩን ልብ ብለው ይያዙት፤ ኋላ ስለ አተካከሉ ስንናገር ዋናው ነገር እርሱ ነውና። ግንዱ በስተግርጌው እንደ እንጨት የጠነከረ፣ በስተጫፉ ግን ለስላሳ ነው። ቅጠሉ ከሕፃን ጥፍር የማይበልጥ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት የሚበቅል ነው። ክረምቱ ሲወጣ በየጫፉ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀላ ያለ አበባ ያወጣል። አበባውን ቀረብ ብለው ሲያዩት እንደ ከንፈር የተከፈለ ነው፤ ንብም ይህን አበባ አጥብቃ ትወዳለች።

በሶብላ፣ ናና፣ ዳማ ከሴና የሥጋ መጥበሻ እንዲሁ ከንፈር የሚመስል አበባ አላቸው። የዕፅዋት ሊቃውንት በዚህና ይህን በመሰለው ምልክት ተመርተው ሁሉንም ከጦስኝ ጋራ በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ መድበዋቸዋል። ጤና አዳም ግን ሽታው የበረታ ቢሆንም ከሌላ ቤተ ሰብ የተወለደ ነው።

በአገራችን ጦስኝ ተብለው የሚጠሩት ሁለት ዐይነቶች ሲሆኑ፣ ሁለቱም የኢትዮጵያ ደጋ የራሱ ሀብት ተብለው በሊቃውንት ተመዝግበዋል። አንደኛው በሳይንስ ስሙ «ታይመስ ሺምፔሪ» ይባላል፤ ይኸውም በሸዋ፣ በወሎ፣ በባሌና በሌሎችም ደጋዎች የሚገኘው ነው። ሁለተኛው «ታይመስ ሴሩላተስ» ሲሆን እርሱ ወደ ሰሜኑ ደጋ ያደላል። የመጀመሪያው ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ከቪልሄልም ሺምፐር ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ አገራችን ገብቶ ዕፅዋትን እየለቀመ፣ እያደረቀና ወደ አውሮፓ እየላከ ከአርባ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1878 አድዋ ላይ ዐረፈ። ስለዚህ በዛሬው ጊዜ በብዙ የኢትዮጵያ ዕፅዋት የሳይንስ ስም ላይ የእርሱ ስም ተጨምሮ ይገኛል።

ጦስኝ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ 4,000 ሜትር ድረስ ይበቅላል። ውርጭ አይበግረውም፤ የድንጋይ ላይ ስስ አፈርም ይበቃዋል። የሚጠላው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አንዱ የረጋ ውኃ፣ ሁለተኛው ጥላ ነው።

መዓዛው የሚመጣው በቅጠሉ ላይ ከሚገኙት እጅግ ጥቃቅን የዘይት ከረጢቶች ነው። ቅጠሉን በጣትዎ ሲያሹት እነዚህ ከረጢቶች ይፈነዱና ዘይቱ ወደ አየር ይወጣል። በዘይቱ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁለቱ ዋናዎቹ ታይሞልና ካርቫክሮል ይባላሉ። ታይሞልን ከአውሮፓ ጦስኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያወጣው ካስፓር ኖይማን የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1719 ነበር። ታይሞል ጀርሞችን የመግደል ኀይል ስላለው በአፍ መጉመጥመጫ መድኃኒት ውስጥ ይገባል፤ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም የአንጀት መንጠቆ ትልን ለማስወጣት በሰፊው ይሰጥ ነበር። የእኛ ጦስኝ ዘይት ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ በአንዱ ተራራ ታይሞል ሲበዛ በሌላው ካርቫክሮል ይበዛል። የመንዙና የባሌው መዓዛ ለአፍንጫዎ አንድ ባይመስል ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ስለ ምን በቤታችን እንትከለው?

በሚመጣው ቅዳሜ ወደ ገበያ ሲወጡ አንድ ነገር እንዲያደርጉ እንለምንዎታለን። ጦስኝ ከምትሸጠው ሴት ፊት ሲደርሱ፣ ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት አንዱን እስር ገልብጠው ግርጌውን ይመልከቱ። ግርጌው በማጭድ ወይም በቢላዋ የተቈረጠ እንደ ሆነ መልካም ነው። አፈር የያዘ ሥር ከተንጠለጠለበት ግን ያ ጦስኝ ተለቅሞ ሳይሆን ተነቅሎ የመጣ መሆኑን ይወቁ።

በለቀማና በነቀላ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። የጦስኝ ሥር ጥልቀት የለውም፤ ምንጣፉን በአንድ እጅ ጨብጦ ቢስቡት ሥሩ ከነአፈሩ ይመጣል። ቅርንጫፉ የተቈረጠበት ጦስኝ ከቀረው ግንድ ላይ እንደ ገና ያቈጠቍጣል፤ የተነቀለው ግን ለዘለዓለም ሄዶአል። ነቀላው የሚሆነው ተክሉ አበባ በያዘበት፣ መዓዛው በበረታበት ጊዜ እንደ ሆነ ደግሞ ዘር ሳይጥል ስለሚወሰድ ምትኩም አብሮት ይጠፋል። በከፍተኛ ተራራ ብርዱ ዕድገትን ያዘገያልና፣ በአንድ ቅጽበት የተገፈፈ ምንጣፍ ተመልሶ ድንጋዩን እስኪያለብስ ድረስ ረጅም ጊዜ ይፈጃል። በዚህ መካከል የተራቈተውን አፈር የክረምት ጐርፍ ይጠርገዋል፤ አፈሩ ከሄደ በኋላ ደግሞ ቢዘሩም የሚይዘው ነገር የለም።

ይህን ስንል የምትሸጠውን ሴት ለመውቀስ አይደለም። እርስዋ ሸክምዋን ይዛ ከሌሊት ጀምራ ስትጓዝ ያደረች፣ ለልጆችዋ ጨውና ጋዝ ለመግዛት የመጣች ናት። ነቅላ እንድታመጣ የሚያደርጋት የእኛ ፍላጎት ነው። የከተማው ሰው በዝቶአል፤ በሱቅ በማሸጊያ ተደርጎ የሚሸጠውም ጨምሮአል፤ ተራራው ግን ያው የጥንቱ ነው።

አባቶቻችን የተራራን ሀብት እየተጠቀሙ ሳያጠፉ መኖር እንደሚቻል ያውቁ ነበር። በመንዝ ጓሳ በሚባለው ቦታ ሕዝቡ ሣሩን ለቤት ክዳንና ለከብት የሚጠቀመው በሥርዐት ነበር። መሬቱ ሦስትም አምስትም ዓመት ያህል ይዘጋና ከብት እንዳይገባበት፣ ማጭድም እንዳያርፍበት በአገር ሽማግሎች ይጠበቅ ነበር። ሣሩ ሲጠና ቀን ተቈርጦ ይከፈታል፤ ሕዝቡም ድርሻውን ይወስዳል፤ ከዚያም እንደ ገና ይዘጋል። ሥርዐቱ ለአራት መቶ ዓመት ያህል እንደ ቆየ ይነገራል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ዐዋጅ የርስቱን ሥርዐት በለወጠ ጊዜ ይህ አጠባበቅ ፈረሰ፤ ነገር ግን የአካባቢው ሕዝብ ጥቅሙን ስለሚያውቅ በአዲስ መልክ አቋቁሞ መሬቱን መጠበቁን ቀጥሎአል። ከሣሩ ጋራ በጓሳ የሚበቅለው ጦስኝም የዚህ ጥበቃ ተካፋይ ነው።

እንግዲህ የከተማ ሰው ተራራ የሚዘጋበትና የሚከፍትበት ሥልጣን የለውም። ያለው አንድ ካሬ ሜትር ጓሮ፣ ወይም የሰገነት ጥግ ነው። በዚያችው ቦታ የቤቱን ጦስኝ ራሱ ቢያበቅል ከተራራው የሚነቀለውን በዚያው መጠን ይቀንሳል። በዚህም ላይ የሚጠጣው ቅጠል ምን እንደ ሆነ፣ ከአቧራና ከባዕድ ቅጠል ንጹሕ መሆኑን በእርግጥ ያውቃል።

ዘሩን ከወዴት እናምጣ?

ጦስኝን ለማባዛት ሦስት መንገድ አለ፤ በዘር፣ ሥር የያዘውን ምንጣፍ በመክፈል፣ ወይም በቍራጭ ቅርንጫፍ ነው። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ስለ ሆነ ለጀማሪ ያስቸግራል። ምንጣፉን መክፈል ቀላል ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ ጦስኝ ያለው ጎረቤት ያስፈልጋል። ስለዚህ ለብዙዎቻችን የሚስማማው በቅርንጫፍ መትከል ነው።

ዘመድ ለመጠየቅ ወይም ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወደ ደጋው አገር ሲሄዱ፣ የመሬቱን ባለቤት አስፈቅደው ከጤነኛ ምንጣፍ ላይ ዐሥራ አምስት ያህል ለጋ ጫፎች በስለታም ቢላዋ ይቍረጡ። ከአንድ ምንጣፍ ሁሉንም አይውሰዱ፤ ከሦስት ከአራቱ ጥቂት ጥቂት ይውሰዱ። ርዝመታቸው ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልለው፣ በላስቲክ ከረጢት አድርገው፣ ፀሐይ በማይነካው ቦታ ይዘዋቸው ይመለሱ፤ በማግሥቱም ይትከሉአቸው። ከብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ግን አንዲት ጫፍ እንኳ ያለ ፈቃድ አይቍረጡ። ወደ ደጋ መሄድ የማይሆንልዎት እንደ ሆነ ከገበያ ያልጠወለገ እርጥብ እስር መርጠው ከርሱ ሊሞክሩ ይችላሉ። የደረቀው ግን ለመጠጥ እንጂ ለመትከል አይሆንም።

አተካከሉ

በመጀመሪያ የሚመረጠው ቦታ ነው። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ፣ የጣራ ፍሳሽ የማይወርድበት ሥፍራ ይምረጡ። አብዛኛው አዲስ አበባ ከ2,200 ሜትር በላይ ስለ ሆነ ለጦስኝ ባዕድ አገር አይደለም፤ ደሴና ደብረ ብርሃንም እንዲሁ ናቸው። በአዳማ፣ በሐዋሳ፣ በባሕር ዳርና በድሬ ዳዋ የሚሠሩ አንባብያን ግን ሙቀቱ ስለሚከብደው ከጧት ፀሐይ በቀር በማያገኘው ጥግ በድስት ቢሞክሩት ይሻላል፤ እምቢ ቢላቸውም አይዘኑ፤ ጤና አዳምና ዳማ ከሴ አሉላቸው።

ሁለተኛው አፈሩ ነው። በከተማችን በብዙ ሠፈር ያለው ጥቁር መረሬ በክረምት ውኃ ይይዛል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። በዚህ አፈር ላይ በቀጥታ የተተከለ ጦስኝ በሐምሌ ሥሩ ይበሰብሳል። መድኃኒቱ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ያለ መደብ መሥራት ነው። ዙሪያውን በድንጋይ ይከልሉና በግርጌው ጠጠር ያንጥፉ፤ በላዩም ሁለት እጅ አፈርና አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ ደባልቀው ይሙሉበት። ፍግ ቢጨምሩ በሚገባ የበሰበሰና ጥቂት ይሁን። ብዙ ፍግ የጠገበ ጦስኝ ቅጠሉ ይለመልማል፣ ግንዱ ይረዝማል፣ መዓዛው ግን ይደክማል። ይህ ተክል በችግር ያደገ ነውና ምቾት ሲበዛበት ጠባዩ ይለወጣል።

ጓሮ የሌለው ሰው የዘይት ጄሪካን በወርዱ ሰንጥቆ፣ በግርጌው በጋለ ምስማር ዐሥር ያህል ቀዳዳ አብጅቶ በሰገነቱ ላይ ሊተክል ይችላል። ጦስኝ ጥልቅ ሥር ስለሌለው አንድ ስንዝር አፈር ይበቃዋል። የቀለም ቆርቆሮ ግን ለሚጠጣና ለሚበላ ተክል አይመረጥም።

ሦስተኛው ወቅቱ ነው። በመስከረም አጋማሽ፣ ዝናቡ ሲሳሳ ፀሐይም ስትመለስ መትከል ከሁሉ ይሻላል፤ ምድሪቱ እርጥበት አላት፣ በረዶና ጐርፍ ግን አልፎአል። በሰኔ የሚተክል ሰው ችግኙን ከኀይለኛ ዝናብ የሚከላከል መጠለያ ማድረግ ይኖርበታል።

እንግዲህ ቅርንጫፉን ይዘው በታችኛው ግማሽ ያለውን ቅጠል ሁሉ ይመልጡ። ቅጠሉ የነበረበት አንጓ አዲሱ ሥር የሚወጣበት ቦታ ነው፤ ቀደም ሲል በልብዎ እንዲይዙት ያልነው ጠባዩ ይኸው ነው። አፈሩን በእንጨት ወጋ አድርገው ቢያንስ ሁለት አንጓ እስኪሸፈን ድረስ ይትከሉትና ዙሪያውን በጣትዎ ጫን ጫን ያድርጉት። በአንዱና በሁለተኛው መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተዉ፤ መጀመሪያ ባዶ መስሎ ቢታይም ምንጣፉ ሲዘረጋ ቦታው ይሞላል። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ከቀትር ፀሐይ በቅጠላማ እንጨት ወይም በስስ ጨርቅ ይጋርዱት፤ አፈሩም እርጥበት እንዳያጣ፣ ነገር ግን ጭቃ እንዳይሆን ጧት ጧት በጥቂቱ ያርከፍክፉበት። ከአንድ ወር እስከ አንድ ወር ተኵል ባለው ጊዜ ለስለስ አድርገው ሲስቡት እምቢ ካለዎት ሥር ይዞአል ማለት ነው። ከዐሥራ አምስቱ ስምንት ቢጸድቁልዎ መልካም ሥራ ሠርተዋል።

ሥር ከያዘ በኋላ ጦስኝ ብዙ አያስቸግርም። ወደ መሥሪያ ቤት ከመሄድዎ በፊት በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ አፈሩ እስከ አንድ ጣት ጥልቀት መድረቁን ዳስሰው ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ያጠጡት። ብዙ የጓሮ ጦስኝ የሚሞተው በውኃ ጥም ሳይሆን በባለቤቱ ርኅራኄ ብዛት ነው። አረሙን በእጅ ይልቀሙ እንጂ በዶማ አይኰትኵቱት፤ ሥሩ ከላይ ነውና።

አቈራረጡና አደራረቁ

በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት ለሻይ ከመቀንጠስ በቀር አይቍረጡት፤ ይስፋፋ። ከዚያ በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አበባው መፍካት ሲጀምር፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ፀሐዩ ሳይበረታ በጧት ይቈረጣል። የሚቈረጠው የላይኛው ሢሶ ብቻ ነው። ቅጠል የሌለው እንጨታማው ግርጌ ድረስ ዝቅ ብለው ከቈረጡት ለማቈጥቈጥ ይቸገራል። ለንብና ለዘር ከአበባው ጥቂቱን ሳይቈርጡ ይተዉ።

የተቈረጠውን በፀሐይ አያስጡት፤ ፀሐይ ዘይቱን ታበነዋለች፣ ለክፍልዎ መዓዛ ይሰጥና ለሻይዎ ምንም አይተርፍም። በትንንሽ እስር አድርገው ነፋስ በሚገባበት ጥላ ውስጥ አዝቅዝቀው ይስቀሉት። ከአንድ ሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ቅጠሉ በጣት ሲነኩት የሚፈረፈር ይሆናል። ያን ጊዜ ቅጠሉን ከግንዱ አራግፈው ክዳኑ በሚገጥም ጠርሙስ ውስጥ፣ ብርሃን በማያገኘው ቦታ ያስቀምጡት። ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ምንጣፉ መካከሉ ሲራቈት ከዳሩ ለጋ ቅርንጫፍ ወስደው እንደ ገና ይትከሉት፤ ለጎረቤትም ለመስጠት የሚበቃ ይኖርዎታል።

መድኃኒትነቱ እስከ ወዴት ነው?

ከዚህ የሚቀጥለውን አንባብያን በተለይ እንዲያስተውሉት እንወዳለን።

ጦስኝን ለሻይ ሲያዘጋጁ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ቅጠል በሲኒ አድርገው የፈላ ውኃ ያፍስሱበትና ከአምስት እስከ ዐሥር ደቂቃ ከድነው ያቆዩት። መክደኑ ለወግ አይደለም፤ ካልተከደነ የሚፈለገው ዘይት ከእንፋሎቱ ጋራ ይሄዳል። ለጉንፋን፣ ለጉሮሮ መከርከርና ለቀላል ሳል ከማር ጋራ ቢጠጡት ደረትን ያሞቃል፤ ጉሮሮንም ያለሰልሳል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ጭራሽ አይሰጥም። እርጉዝ ሴቶች በወጥና በሽሮ ውስጥ የገባውን ቢበሉ የተለመደ ነው፤ እንደ መድኃኒት አብዝተው ከመጠጣታቸው በፊት ግን ሐኪም ይጠይቁ። ተጣርቶ በጠርሙስ የሚሸጠው የጦስኝ ዘይት ከቅጠሉ ጋራ አንድ አይደለም፤ እጅግ የጠነከረ ስለ ሆነ አይጠጣም።

ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው ጦስኙን ትተው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልግ ይሆናልና። የሕፃን ትንፋሽ ሲፈጥን፣ ደረቱም ወደ ውስጥ ሲሰረጕድ ደግሞ አንድ ቀንም አይጠበቅም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የደም ግፊት ነገር ነው። ጦስኝ «የደም ግፊት ያወርዳል» ተብሎ በየገበያው ይነገራል። በላቦራቶሪ እንስሳት ላይ ተስፋ የሚሰጥ ውጤት ያሳዩ ምርመራዎች መኖራቸው እውነት ነው። ነገር ግን በአይጥ ላይ የታየው ሁሉ በሰው ላይ ይጸናል ማለት አይደለም፤ ምን ያህል ቅጠል ለማን እንደሚበቃም በሚገባ የተወሰነ መጠን የለም። ዘይቱ ከተራራ ተራራ እንደሚለያይ ከላይ ተናግረናል፤ እንግዲህ የትኛው ሲኒ ምን ያህል ኀይል እንዳለው በምን እናውቃለን?

አንድ የቅርብ ወዳጄ በመዝገብ ቤት የሚሠራ፣ በትጋቱ የተመሰገነ ሰው ነው። ሐኪም የደም ግፊት ኪኒን አዞለት ለአንድ ዓመት ያህል ከዋጠ በኋላ፣ ጦስኝ ጧትና ማታ መጠጣት ጀመረና ኪኒኑን ተወው። «ምንም አይሰማኝም፤ እንዲያውም ተሽሎኛል» ይለን ነበር። እኛም «እሰየው» አልነው፤ ከእኛም አንዱ ጦስኙን ከአገሩ ያመጣለት ነበር። በሰባተኛው ወር በጠረጴዛው ላይ እንዳለ ብዕሩ ከእጁ ወደቀ፤ አፉም ተሳሰረ። ነፍሱ ተርፋለች፤ ወደ ሥራውም ተመልሶአል። ግራ እጁ ግን እስከ ዛሬ የሻይ ሲኒ አይጨብጥም።

ወዳጄን የጐዳው ጦስኝ አይደለም። የጐዳው «አይሰማኝም» የሚለውን እንደ ማስረጃ መቍጠሩ፣ እኛም ያንኑ ተቀብለን ዝም ማለታችን ነው። የደም ግፊት በሽታ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳይ የሚሠራ ጠላት ነው፤ መጨመሩንና መቀነሱን የሚናገረው ስሜታችን ሳይሆን መለኪያው ነው። ስለዚህ የታዘዘልዎትን ኪኒን እየወሰዱ ጦስኝ የሚጠጡ ከሆነ ለሐኪምዎ ሳያፍሩ ይንገሩት። ኪኒኑንም የሚያስቆም፣ የሚቀንስም ሐኪሙ ብቻ ይሁን።

ማጠቃለያ

ክቡራን አንባብያን፤ ስለ አንድ ትንሽ የተራራ አበባ ይህን ያህል መናገራችን ለአንዳንዱ የበዛ መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን ጦስኝን የሚያጠፋው ንቀት አይደለም። እንዲያውም ያለ መጠን መውደዳችን ነው። ወደን ከሥሩ እናስነቅለዋለን፤ ወደን ደግሞ የማይችለውን ሸክም እናሸክመዋለን። በጓሮው ጦስኝ የተከለ ሰው ግን ሁለቱንም መጠን ይማራል። ሢሶውን ቈርጦ ሁለት እጁን ማስቀረትን ከተክሉ ያውቃል፤ ቅጠሉን በየቀኑ እያየ ሲያሳድግም ይህ ለጉንፋን ቀን የሚሆን ወዳጅ እንጂ የሐኪም ምትክ አለመሆኑን ያስተውላል።

እንግዲህ በሚመጣው መስከረም አንድ ያረጀ ጄሪካን፣ ጥቂት አሸዋና ዐሥራ አምስት ቅርንጫፍ ያዘጋጁ። በዓመቱ ከባልደረቦችዎ አንዱ ጉንፋን ይዞት ሲገባ ከመሳቢያዎ የሚያወጡት ጦስኝ የጓሮዎ ይሆናል። የሚሰጡትም ከቅጠሉ ጋራ አንድ ሥር የያዘ ቅርንጫፍ ይሁን፤ ደግሞም «ኪኒንህን ዛሬ ወስደሃል?» ብለው መጠየቅን አይርሱ።